«ቅዳሴ ወጥቷል» አልኩት

ከዱባይ የተመለስን ሰሞን ወገዳ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ያ የዱባይ ረጅም ፎቅስ እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር። ፎቁ ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን። ከታች ሆኜ ቀና ብዬ አይቼው አንገቴን አሞኝ ተመልሻለሁ። ስለዚያች አንዲት ረቡዕ ግን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ከነፍስ አባቴ በቀር ለማንም አልተነፈስኩ። ዛሬ ልናገር ነውና ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ትርንጎ እባላለሁ። ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ፊት ለፊት «ሲስተር» ይሉኛል፣ ዞር ስል ደግሞ «ያቺ ምላሰኛ» ይሉኛል፤ ሁለቱንም አውቃለሁ። ባለቤቴ ባዘዘው አስተማሪ ነው። ልጅ ሳለ ጋይንት፣ ቤተልሔም፣ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ድቁናም ተቀብሏል። ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ዞረና ዲፕሎማ ያዘ፣ ዲግሪ ያዘ። ያ የተማሪ ቤት ልጅ ግን ከውስጡ አልወጣም። ዛሬም ጠጠር ያለ ነገር ሲገጥመው በግዕዝ ያጉተመትማል።

ይህ ሰው ስኳር በሽታ አለበት። መርፌውን ራሱ እንዲወጋ አስተምሬው ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ እጁ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ተውኩት። ጠዋት ጠዋት እኔ እወጋዋለሁ፣ እሱ ቁርሱን ይበላል፤ ውላችን ይህ ነው። አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ልብ በሉልኝ። ኢንሱሊን የሚሉት ይህ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳል። ተወግቶ ያልበላ ሰው ስኳሩ እየወረደ፣ እየወረደ ይሄዳል። መጀመሪያ ያልበዋል፣ ይነጫነጫል። ከዚያ ይቀባዥራል፣ ሰው ሰክሯል ይለዋል። ከዚያ ይወድቃል። ቶሎ ብሎ ጣፋጭ ነገር ካላገኘ ላይነሳ ይችላል።

«በጾም ቀንስ?» ትሉኝ እንደሆነ፣ የነፍስ አባታችን መምሬ አስረስ ገና በሽታው እንደያዘው ነው የጨረሱልን። «ልጄ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጠዋት ይብላ። የጾም ምግብ ከሆነ ምን ገዶት!» አሉት። ባዘዘውም «እሺ አባቴ» ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ።

የበኩር ልጃችን ሰብለ ዱባይ ልብስ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ እመጣለሁ ስትል ሥራው፣ ከርሞ ስትል መንገዱ፣ እንዲህ እየሆነ ሳትመጣ ቀረች። ባዘዘው ስሟ ሲነሳ ተነስቶ ወደ ጓሮ ይወጣ ነበር። በመጨረሻ «እኔ ካልመጣሁ እናንተ ኑ» ብላ ለመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ትኬት ላከችልን። መንገዱ ደህና የሆነ ሳምንት ጠብቀን በደብረ ታቦር አድርገን ወጣን። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሲያያት ባዘዘው ልጁን አቅፎ አልለቅም አለ። እንባው በትከሻዋ ላይ ነው የወረደው።

ጊዜው ነነዌ ነበር። ከሰኞ እስከ ረቡዕ የምትጾም አጭር ጾም ናት፤ አጥብቆ የሚጾማት ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይልም። ሰኞና ማክሰኞ ሰብለ ቤት አርፈን ዋልን። ረቡዕ እሷ ፈቃድ ስላላገኘች፣ ከተማውን ሁለታችን ብቻችንን ልናይ ተነሳን። ጠዋት መርፌውን ወጋሁት። ሰብለ ዳቦ በለውዝ ቅቤ ቀብታ በሳህን አስቀመጠችለት። እኔ ልብሴን ለብሼ ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው።

«በላህ?»

«በላሁ።»

ሰብለ በር ላይ ሆና እንደ ሕፃን መከረችን። «አባዬ፣ ይህን ስልክ አንተ ያዝ፣ መስመር ያለው እሱ ብቻ ነው። እማዬ፣ እዚህ ፊትና ኋላ እንዳትሄዱ። ጎን ለጎን ሁኑ፤ ሰው ሲበዛ እጅ ለእጅ ተያያዙ።»

ባዘዘው ሳቀ። «እጅ ለእጅ? እንደ ትናንት ሙሽራ?»

እኔም ሳቅሁ። እኛ አገር ባልና ሚስት መንገድ ላይ እጅ ለእጅ ቢያያዙ አንደኛው ዓይኑ ጠፍቷል ተብሎ ይታዘናል። ባል ፊት፣ ሚስት ኋላ ነው። ደግሞ የኛ መንገድ የገደል አፋፍ ይዞ የሚሄድ ቀጭን ነገር ነው፤ ለሁለት መቼ ይበቃል?

መጀመሪያ በእንጨት ጀልባ ያንን ሰፊ ውኃ ተሻገርን። ባዘዘው የጀልባውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ «ዮናስን የዋጠው ዓሣ እዚህ የለም መሰለኝ» አለ። ሳቅሁበት። ወዲያ ማዶ የቅመም ገበያ ነው፤ ከዚያ የወርቅ ሱቅ ነው። ወርቁን በመስታወት እያየሁ «ይህን ሁሉ ማን ያደርገዋል?» ብዬ ባዘዘውን ብጠይቀው ዞር ብሎም አላየኝ። ፊት ፊት ይሄዳል። ሰው መስሎኝ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ሰላም አልኩና ለብቻዬ አፈርኩ። ለራሴ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዛሁ፤ የወገዳን ብርድ የሚያውቅ አይፈርድብኝም።

ከዚያ ወደ ጨርቅ ተራ ገባን። የአጥቢያችን ሰዎች ለመቅደስ መጋረጃ የሚሆን ቀይ ከፋይ ጨርቅ እንዲያመጣ ባዘዘውን አደራ ብለውታል። ሻጩ አበሻ መሆናችንን አውቆ «ነይ እህቴ! ርካሽ! ጥሩ!» እያለ በአማርኛ ተቀበለን። ባዘዘው ክርክር ይወዳል። አንድ ቁና ሽንብራ ለመግዛት ገበያውን ሦስት ጊዜ የሚዞር ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ሻጩ የጠራውን ዋጋ ሰምቶ ሳይከራከር ከፈለ። ሻጩ ራሱ ደነገጠ።

«እንዴ ባዘዘው! ምን ነካህ? አንድ ቃል እንኳ?»

«ለቤተ ክርስቲያን ነው። በእግዚአብሔር ዕቃ እንድከራከር ነው የምትፈልጊው?» ብሎ ጮኸብኝ።

ባዘዘው ሰው ፊት ጮሆብኝ አያውቅም። ቅር አለኝ። እንደ ሚስት ነዋ የተቀየምኩት! ነርሷ ትርንጎ ያን ጊዜ የት ሄዳ እንደነበር እኔ እንጃ።

ቀትር ላይ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። ምስርና ዳቦ አዘዝኩ። ባዘዘው ሳህኑን ወደኔ ገፋው።

«ብዪ አንቺ። እኔን የጠዋቱ ገና አልወረደልኝም።»

«መርፌው ግን ወርዷል! ብላ እንጂ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ እበላለሁ አልኩሽ።»

«ምን ዘጠኝ ዘጠኝ ትለኛለህ? መምሬ አስረስ ምን አሉህ?»

«ትርንጎ፣ ጠዋት በልቻለሁ። አሁን ደግሞ አልራበኝም። እዚህ ሰው አገር አታዋርጂኝ።»

ባዘዘው ሲዋሽ ይዤው አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ነው፣ አንድ ቀን አልዋሸኝም። ስለዚህ አመንኩት። ብቻ ለማንኛውም ብዬ ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት የስኳር ወረቀቶች እፍኝ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩ። አስተናጋጁ አየኝ። ሌባ ናት ብሎ ይሆናል፤ ይበል።

ወደ ትልቁ ፎቅ የሚወስደው ባቡር ነው ተባልንና ጣቢያው ገባን። ያ ባቡር ሾፌር የለውም። ራሱ ይመጣል፣ በሩን ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል። ቆይ ጠብቀኝ ቢሉት የሚሰማ ጆሮ የለውም። ሰው ግጥም ብሏል። ባዘዘው ጥቅሉን ከፋይ እንደ ሞፈር ትከሻው ላይ አጋድሞ ፊት ፊት ይሄዳል። እኔ በአንድ እጄ ብርድ ልብሴን፣ በአንድ እጄ ውኃና ልብስ የያዘውን ፌስታል ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ።

በሩ ተከፈተ። ባዘዘው ገባ። እኔ ልከተል ስል አንዲት እናት የሕፃን ጋሪ እየገፋች መጣች። ሕፃን የያዘችን ሴት ቀድሞ ማለፍ ነውር ነው ብዬ ቆም አልኩላት። እሷ ገባች፣ ከኋላዋ ሌሎች ተግተልትለው ገቡ። ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማና በሩ አፍንጫዬ ላይ ተዘጋ።

ባዘዘው ዞር ብሎ አየኝ። በመካከላችን መስታወቱ ብቻ ነው ያለው። ያን ጊዜ ነው ፊቱን በደንብ ያየሁት። ግንባሩ ላይ ላቡ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ያ ቦታ በማሽን የቀዘቀዘ ነው፤ እኔ ነጠላዬን ደርቤ እንኳ በርዶኛል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያላበው እሱ ብቻ ነበር። ባቡሩ ይዞት ሄደ።

«ባዘዘው!» ብዬ ጮህኩ። ሰዉ ዞሮ አየኝ። ግን ራሴን አጽናናሁ። ጠዋት በልቷል፣ በልቷል፣ ምንም አይሆንም አልኩ። አፌ ስለደረቀ ውኃ ልጠጣ ፌስታሉን ከፈትኩ። ከውኃው ሥር በሶፍት የተጠቀለለ ነገር እጄን ነካው። ፈታሁት።

የጠዋቱ ዳቦ ነው። የለውዝ ቅቤው እንደተቀባ ነው፤ አንዲት ጥርስ አልነካችውም።

ወይኔ ትርንጎ! ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። ወዲያው ሁሉ ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ ጩኸቱ፣ ያልተከራከረበት ከፋይ፣ «ዘጠኝ ሰዓት»፣ ላቡ። መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ፤ ሆዱ ባዶ ነው። የሚጣፍጠው ሁሉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ ቋንቋውን በማያውቅ ሕዝብ መካከል፣ በማይቆም ባቡር ውስጥ እየሄደ ነው። ነርስ መሆን ክፉ ነገር ነው። ሌላ ሚስት ብትሆን «ጠፋብኝ» ብላ ታለቅሳለች። እኔ ግን ምን እንደሚደርስበት፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚደርስበት አውቃለሁ።

የጣቢያው ሠራተኛ የሆነች ሴት ሮጣ መጥታ አነሳችኝ። የማውቃትን እንግሊዝኛ ሰበሰብኩ። ባሌ፣ ስኳር፣ ኢንሱሊን፣ ምግብ የለም፣ አልኳት። ኢንሱሊን የምትለውን ስትሰማ የልጅቱ ፊት ተለወጠ። በሬዲዮዋ ለቀጣዩ ጣቢያ ተናገረች፤ አምቡላንስ ጠራች። የኔን ስልክ ከፍቼ የሰብለን ቁጥር አሳየኋትና ከራሷ ስልክ ደወለችልኝ።

«ሰብለ፣ አባትሽ ጠፋ! ቁርሱን አልበላም! የያዘውን ስልክ ቁጥር ንገሪኝ!»

ልጄ ቁጥሩን እየነገረችኝ ታለቅሳለች። «እማዬ፣ አባዬ ይሞታል?» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

ደወልኩለት። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ሊዘጋ ሲል ተነሳ።

«ባዘዘው! የት ነህ?»

«ማን ልበል?» አለኝ፣ ረጋ ብሎ፣ በአክብሮት።

«እኔ ነኝ! ትርንጎ!»

«አይ፣ ትርንጎ እንኳ ኋላዬ ናት፤ እየመጣች ነው። እየጠበቅኋት ነው» አለ። ከዚያ በግዕዝ ማነብነብ ጀመረ፣ ልክ ተማሪ ቤት የኔታ ፊት እንደቆመ ልጅ፣ በዜማ። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደና ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አላነሳም።

መቀባዠር ጀምሯል ማለት ነው። ከመውደቅ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ በር ይቺ ናት።

የጣቢያዋ ሠራተኛ በሚቀጥለው ባቡር አብራኝ ገባች። ያ መንገድ ደቂቃዎች ነው የፈጀው፤ ለእኔ ግን ከወገዳ ደብረ ታቦር በእግር የመሄድ ያህል ራቀብኝ። እመቤቴን ስለምን ሰው ሁሉ ያየኛል። ሌላውን ሁሉ ረሳሁ፤ «ሳልደርስበት እንዳይወድቅ» እላለሁ፣ እሱኑ እደግመዋለሁ።

ስንወርድ አንድ ሠራተኛ እየሮጠ መጣ። መድረኩን አይቻለሁ፣ ሽንት ቤቱን አይቻለሁ፣ ወንበሮቹን አይቻለሁ፣ የለም አለ። ምናልባት ከባቡሩ አልወረደም፣ ምናልባት ወደ መጨረሻው ጣቢያ ሄዷል፤ እዚያ እንፈልገው አሉ። ልጅቱም እጄን ይዛ ወደ ባቡሩ ትስበኛለች።

«ቆይ» አልኳት።

«እየጠበቅኋት ነው» ብሎኛል። ይህን ያለው የአገሬ ሰው ነው። የኛ ሰው ገበያ ሲሄድ ፊት የቀደመው ከኋላው ያለው ከራቀበት መንገድ መካከል አይቆምም፤ ወጣ ብሎ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። እንደዚያ ካላደረገ ኋላ የቀረው አልፎት ይሄዳል። አርብ ገበያ ስንሄድ ስንት ጊዜ ከግራር ሥር አግኝቼዋለሁ! ራሱን ቢስት እንኳ እግሩ ይህን አይረሳም።

«ውጭ! ዛፍ የት ነው ያለው? ዛፍ!» አልኩ። ሠራተኞቹ እኔም የተቀባዠርኩ መሰላቸው። አልጠበቅኋቸውም። ብርድ ልብሴን እዚያው ጥዬ ደረጃውን ሮጥኩ።

ውጭው ፀሐይና መኪና ነው። ዛፍ ብሎ ነገር የለም! አስፋልት፣ መስታወት፣ አስፋልት። ወደ ቀኝ ሮጥኩ፣ ግንብ ነው። ወደ ግራ ዞርኩ። ራቅ ብሎ፣ መንገዱ ዳር፣ ተተክለው ብዙ ያልቆዩ ጥላቸው ቀጫጭን የሆነ ዛፎች በመስመር ቆመዋል። ከሦስተኛው ሥር ቀይ ነገር አየሁ።

ከፋዩ ነው።

ባዘዘው ግንዱን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀምጦታል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንዳለ ሰው። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል። አላፊ አግዳሚው ሰካራም ነው ብሎ ዞር ብሎ ያልፈዋል። ተንበርክኬ ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ዓይኑ ያያል፣ ግን እኔን አያይም።

«እማማ» አለኝ። «ባለቤቴን በዚያ ስትመጣ አላዩዋትም?»

ያን ጊዜ ማልቀሻ ጊዜ አልነበረኝም። የስኳሩን ወረቀት ቀድጄ ወደ አፉ አቀረብኩ። ጥርሱን ገጠመ።

«ብላ! ባዘዘው፣ ስኳር ነው!»

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ዘጠኝ አልሞላም።»

በጣቴ ከንፈሩን ልፈለቅቅ ሞከርኩ፤ ፊቱን አዞረ። ደካማ ነው፣ አንገቱን መሸከም አቅቶታል፣ ግን ለዚያች ጥርስ ያለው ጉልበት የጉድ ነው። ለመንኩት፣ ጮህኩበት፣ ሰደብኩት። ዓይኑ ወደ ላይ መሸሽ ጀመረ። ያን ሳይ ጊዜ እንዳለቀ አወቅሁ። ከወደቀ በኋላ በአፉ ምንም ልሰጠው አልችልም፤ ያንቀዋል።

ከኋላዬ ባቡር ደርሶ ነበርና ሰዉ ከጣቢያው በብዛት እየወጣ በየአቅጣጫው ይበተናል። ድንገት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ባዳ ሴት፦

«አባቴ፣ ቅዳሴ ወጥቷል እኮ» አልኩት።

ጥርሱ ላላ። «ወጣ?»

«ወጥቷል። ዘጠኝ ሞልቶ አልፏል። ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ እየሄደ ነው፣ ይኸው አያዩም?»

በቀስታ አንገቱን አዙሮ ሰዉን አየ። ብዙ ቆየ መሰለኝ። ከዚያ በግንባሩ አማተበና አፉን ከፈተ።

አንዱን ወረቀት አፈሰስኩ፣ ሌላውን፣ ሌላውን። ከምላሱ ሥር በጣቴ አሸሁለት፤ በውኃ በጥብጬ ጠብ ጠብ አደረግሁለት። ዋጠ። አምቡላንሱ ሲደርስ ሰዎቹ ጣቱን ወግተው ስኳሩን ለኩና ተያዩ። ለመርፌው እንዲመቻቸው የእጅ ሰዓቱን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ እነሱም በደም ሥሩ ግሉኮስ ሰጡት። እኔ ጫማውን አቅፌ ቆሜያለሁ።

መኪናው ውስጥ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ ዓይኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። አየኝ።

«ትርንጎ» አለ።

ይህን ስሰማ ነው የፈነዳሁት። ጮክ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ግን የጠየቀኝን ታውቃላችሁ? «የት ነኝ» አላለም። «ምን ሆኜ ነው» አላለም። በዚያ በደከመ እጁ ሰዓቱን ፈለገና አጣው።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

የስኳሩ ጣዕም አፉ ውስጥ አለ፤ ያውቃል። ዘጠኝ ሊሆን ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ዓይን ዓይኑን እያየሁ፦

«ዘጠኝ አልፏል» አልኩት።

«ተመስገን» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ማታ ሰብለ ቤት ተኝቶ ሳለ ነው ሁሉን የነገረን። ሰኞና ማክሰኞም የቁርሱን ዳቦ በመስኮት ለርግቦች እየሰጠ እስከ ዘጠኝ ቆይቷል። ተኝቶ ስለዋለ ተረፈ። የረቡዑን ግን ዘጠኝ ሲሞላ ሊበላው ፌስታሉ ውስጥ ደብቆት ነበር። ስዕለት ነበረበት። «ልጄን በዓይኔ ካሳየኸኝ፣ ነነዌን እንደ ተማሪነቴ ሳላጎድል እጾምልሃለሁ» ብሎ ተስሏል። «ያየኋት ሰሞን ጾሙ ገባ፣ ታዲያ እንዴት ላጉድል?» አለን።

ሰብለ እግሩ ሥር ወድቃ «በኔ ምክንያት፣ በኔ ምክንያት» ትላለች። እኔ ግን በሸቅሁ።

«ለኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ጾሙን ትከለክዪኝ ነበር።»

«እከለክልሃለሁ እንጂ! ካልሆነም መርፌውን እቀንስልህ ነበር! ለእግዜር የገባሁትን ቃል አልክድም ብለህ እኔን ትክደኛለህ? እጄ ነው እኮ የወጋህ! ብትሞት ኖሮ ሰው ‹ጾም ገደለው› ይላል፤ እኔ ግን ‹እኔ ወግቼ ገደልኩት› እያልኩ ነበር የምኖረው!»

ይህን አላሰበውም ነበር። ፊቱ ላይ አየሁት። «ይቅር በዪኝ» አለ። ከዚያ ግን ትንሽ ፈገግ ብሎ «ብቻ ስዕለቴ ሞላ። ዘጠኝ ሳይሞላ አልጣለኝም» አለ። አፌ ድረስ የመጣውን ዋጥኩት።

ወገዳ ገብተን ይህንኑ ለሰው ሁሉ ያወራል። «እግዚአብሔር ሰዓቷ እስክትሞላ ያዘኝ» ይላል። ሰዉ ተመስገን ይላል። እኔ እነሳና ሥራ ያለኝ እመስላለሁ። ቢከብደኝ ለመምሬ አስረስ ሄጄ ሁሉን ተናዘዝኩ። አቀርቅረው ሰሙኝ።

«ጠይቆሻል? ተጠራጥሯል?» አሉኝ።

«አልጠየቀኝም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው አትንገሪው። እሱ የቻለውን ጾሟል። የጎደለችውን አንቺ ሙይለት። ነነዌ በመጣ ቁጥር እስከ ዘጠኝ አንቺ ጹሚ፣ እሱ ይብላ።»

ይኸው እየጾምኩ ነው። ነነዌ ሲገባ ጠዋት እወጋዋለሁ፣ ሳህኑን አቀርባለሁ፣ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ እስኪጨርስ አያለሁ። አሁን አያታልለኝም፤ ሲጨርስ ራሱ አፉን ከፍቶ ያሳየኛል፣ ይሳለቅብኛል። «አንቺስ? ድሮ ነነዌን እንዲህ አትጾሚም ነበር» ይለኛል። «እኔም ስዕለት አለብኝ» እለዋለሁ። የምን ስዕለት ቢለኝ አልነግረውም።

ጤና ጣቢያም ቢሆን የኔ ነገር ተለውጧል። ድሮ ለስኳር ታማሚ «በልተው ነው የሚወጉት?» ብዬ ጠይቄ «አዎ» ሲሉኝ ካርዱ ላይ እጽፍ ነበር። አሁን በር ዘግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አባቴ፣ ስዕለት ያለብዎት ነገር አለ?» እላለሁ። ባለፈው አንድ የእስቴ ገበሬ ይህን ስላቸው ቆባቸውን አወለቁ። «ለማንም አልተናገርኩም ነበር» አሉኝ። እኚያ ሰው በዚያው ቢሄዱ ኖሮ ምን እንደሚሆኑ እኔ አውቃለሁ። መድኃኒታቸውን ከሐኪሙ ጋር አስተካከልን፤ የነፍስ አባታቸውም እንዲያውቁት አደረግን።

እናንተም ቤታችሁ መርፌ የሚወጋ ሰው ካለ «በላህ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። በሆዱ ለእግዜር የገባው ቃል ካለ ጠይቁት። የሚወዳችሁ ሰው ነው ይህን የሚደብቃችሁ።

ባዘዘው አንዳንድ ጊዜ ስልኬን ከፍቶ ያነባል። ይህን የጻፍኩትን ያገኘው እንደሆነ አልክድም፤ አዎ፣ ዘጠኝ አልሞላም ነበር። ጠቡን ማታ እንጣላለን። አሁን ግን ንባቡን ያቁምና ቁርሱን ይብላ፤ መርፌውን ወግቼዋለሁ።